መስመር ያለበት የአጋዘን ዓይን

ቺሊኮቲ አጠገብ፣ ኦሃዮ
ጃንዋሪ 4፣ 1987

ሉዌላ እህቴ፣

የገናው ጣፋጭ ሳጥን በሰላም በመድረሱ ደስ ብሎኛል። ሮስኮ የላይኛውን ረድፍ አንዴ ቁጭ ብሎ መጨረሱን ስሰማም አልገረመኝም፤ ባልሽ በሠርጋችሁ ዕለትም ኬኩ ሳይቆረስ ነክሶታል። ግን አንቺ «እጅሽ ይባረክ» ብለሽ ብታቆሚ ምን ነበረበት? ምስጋናውን ባንድ መስመር ጨርሰሽ ሁለት ገጽ ሙሉ ጥያቄ! እግዜር ሲፈጥርሽ ፖሊስ ሊያደርግሽ አስቦ መጨረሻ ላይ ሐሳቡን የቀየረ ይመስለኛል።

እሺ፣ ልመልስልሽ። የጽሕፈት መኪናው የኤመት ነው። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ትቶልኝ ከሄደው ዕቃ ሁሉ አቧራ ሲጠጣ የሚውለው እሱ ነበርና አሳዘነኝ። በእጄ መጻፍ የተውኩት ለዚህ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። «እጅሽ እንዴት ነው?» ብለሽ ደጋግመሽ ጠይቀሻል። እጄ ያው እጄ ነው። ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም አሉ።

በየጣፋጩ ዓይን መሃል አየሁት ስላልሽው መስመር ደግሞ፣ ኧረ ተይኝ እባክሽ! የአጋዘን ዓይን ሲሠራ አይተሽ እንደማታውቂ አትሁኚ። የለውዝ ቅቤውን ከስኳር ዱቄቱ ጋር አሸሁ፣ አድቦለቦልኩ፣ በረንዳ ላይ ብርድ አስመታሁት። ከዚያ በስቴኪኒ ወግቼ የቀለጠ ቸኮሌት ውስጥ ነከርኩት፣ አናቱን ብቻ ክብ አድርጌ ሳልነክር ተውኩት፣ ስሙን ያገኘበትን የጓሮ ዛፍ ፍሬ እንዲመስል። ስቴኪኒው ሲነቀል የሚቀረውን ቀዳዳ እናታችን እንዳስተማረችን በጣቴ ደፈንኩት። ያው የድሮው ነው። ዘንድሮ የገዛሁት ስቴኪኒ ሻካራ ነው መሰለኝ ጫር ጫር አድርጎታል። የሚበላ ነገር ነው እንጂ የሙሽራ ፊት አይደል።

ቃሌን አልረሳሁም። ኤመት የተቀበረ ዕለት እዚሁ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆመሽ አስምለሽኛል፦ ሳጥኑ በየገናው እስከመጣ ድረስ ስለ ኑሮዬ ላትነዘንዢኝ፣ ሳጥኑ ያልመጣ ዓመት ግን ቤቴን ሸጬ አሪዞና አንቺ ጋ ልገባ። ሳጥኑ መጥቷል። በልተሽዋል። እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ያብቃ።

ሌላው ሰላም ነው። በረዶው የጓሮውን አጥር ጥሎት ነበር፣ ጎረቤት ጠገነልኝ።

ኦርፋ

—

ሜሳ፣ አሪዞና
ጃንዋሪ 16፣ 1987

እትዬ ኦርፋ፣

ስለ ሮስኮ ዓይን ባትጠይቂም ልንገርሽ። ሞራው ብሶበታል፣ ግን ሐኪም በተባለ ቁጥር ቴምብሮቹን ይዞ ሳሎን ይደበቃል። ቴምብር የሚያይበትን ትልቅ አጉሊ መነጽር ስለምታውቂው ነው ይህን የምነግርሽ፤ ከሱ ተውሼዋለሁ።

ሮስኮ ያልደረሰባቸው ጥቂት የአጋዘን ዓይኖች ቁምሳጥን ውስጥ፣ ከክረምት ካልሲዬ ሥር ደብቄ ነበር። (እዚህ አገር ካልሲ ማንም አይነካም።) ትናንት አወጣኋቸውና መስኮት አጠገብ ደርድሬ አንድ በአንድ አየኋቸው። እትዬ፣ ስቴኪኒ አሻራ የለውም። ይሄ አሻራ አለው። መስመሩም ጭረት አይደለም፤ ጠባሳ ነው። ሁሉም ላይ ያው ቦታ፣ ያው ዘንበል ያለ። ተደርድረው ሲያዩኝ የድመት ዓይን ነው የሚመስሉት።

ደግሞ ስፋቱ! የአንቺ ሁለት ጣት ይገባበታል። አውራ ጣት ነው፣ ያውም የወንድ።

እኔ ሰው ማስጨነቅ አልወድም፣ ታውቂኛለሽ። ግን ሰባ ዓመት አልፎሻል፣ ብቻሽን ነሽ፣ መንገዱ በረዶ ነው፣ ደብዳቤሽ በመኪና ይጻፋል፣ ጣፋጭሽን ደግሞ የማላውቀው ሰው ይጠቀጥቀዋል። እጅሽ ከከዳሽ ሳጥኑም የአንቺ አይደለም ማለት ነው፣ ቃላችንም እንደዚያ አይደለም። ክፍልሽ ዝግጁ ነው። መጋረጃ ሰቅዬልሻለሁ። ቢጫ ነው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት በጣም ያምራል።

እውነቱን ጻፊልኝ። የማን ጣት ነው?

ታናሽሽ ሉዌላ

—

ቺሊኮቲ አጠገብ
ጃንዋሪ 29፣ 1987

ሉዌላ፣

ጉድ ነው! ለገና የላኩልሽን ጣፋጭ በአጉሊ መነጽር መረመርሽው? ምነው ላቦራቶሪ አልላክሽውም? ሰው እንዴት ከካልሲ ጋር ያስቀመጠውን ነገር መልሶ አውጥቶ ይፈትሻል? ደግሞ «ሰው ማስጨነቅ አልወድም» ትላለች። ኤመት ይሙት ብዬ እንዳልምልልሽ ሞቷል፣ ግን በሕይወት ቢኖር ከት ብሎ ይስቅብሽ ነበር።

ማወቅ ካለብሽ ጣቱ የበርኒስ ስቶልዝ ነው። ዘንድሮ ከቤተክርስቲያኑ ሴቶች ጋር አብረን ነው የሠራነው፣ ለባዛሩም ለየቤታችንም። እኔ አድቦለቦልኩ፣ በርኒስ ቀዳዳ ደፈነች። የበርኒስን አውራ ጣት ረስተሽዋል? የበር እጀታ ነው የሚያክለው። ልጅ ሆነን ኦርጋን ስትጫወት ባንድ ጣት ሁለት ቁልፍ ትጫን ነበር። ጠባሳውም አንዴ የቆርቆሮ ክዳን ቆርጧት ነው። ይኸው፣ ነገሩ አለቀ።

ለበርኒስ ግን እንዳትጽፊላት። ሥራ ይበዛባታል፣ ደግሞ ስለ ጣቷ ሲነሳ ደስ አይላትም።

አሪዞናን በተመለከተ ደግሞ ሳትጠይቂኝ ልመልስልሽ። አይ፣ ሙቀት ለመገጣጠሚያ ይጠቅማል የሚባለውን አላምንም። አይ፣ ቤቱ አልከበደኝም። በኅዳር የኳስ ግጥሚያ ቀን ሰው ሁሉ ሲጮህ መስማት እወዳለሁ፣ የጓሮው ዛፍ ፍሬ በቆርቆሮው ላይ ሲረግፍ መስማት እወዳለሁ። አንቺ አገር የሚረግፍ ነገር አለ? እዚህ ቤት ገብቼ ኤመትን እዚሁ ሸኝቻለሁ፣ እኔም የምወጣው በበሩ ሳይሆን በሬሳ ሣጥን ነው።

ቢጫ ደግሞ እንደማልወድ ከልጅነታችን ጀምሮ ታውቂያለሽ። የታመመ ሰው ፊት ይመስለኛል።

ኦርፋ

—

ሜሳ
ፌብሩዋሪ 12፣ 1987

እትዬ ኦርፋ፣

ለበርኒስ ጻፍኩላት።

መልሷ ትናንት ደረሰኝ። እንደወረደ እገለብጥልሻለሁ፦ «ውድ ሉዌላ፣ ስለ አውራ ጣቴ ስፋት የጻፍሽውን አንብቤያለሁ። ጣቴ ጤነኛ ነው፣ ጠባሳም የለበትም፣ ማንም መጥቶ ሊያይ ይችላል። እህትሽ ኦርፋ ካለፈው ዓመት ወዲህ ለጣፋጭ ሥራ ቤተክርስቲያን መጥታ አታውቅም። ስንጠራት ጉንፋን ይዞኛል ትላለች። በሐምሌም ጉንፋን ይዟት ነበር። ሰላምታዬ ለሮስኮ።» ስታበቃ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ግርጌ ላይ አትማልኛለች። እውነትም ሰፊ ነው፣ ግን መስመር የለበትም። ይቅርታ መጠየቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ፤ እኔ ግማሹን ጠይቄልሻለሁ።

አሁን ቁጭ በይ።

መስመሩን መጀመሪያ ያየሁት ቀን ነው ያወቅሁት። አላወቅሁም ብዬ ነው እንጂ። አንቺ እስክትነግሪኝ ጠበቅሁ፣ አንቺ ግን በርኒስን አመጣሽብኝ። ያንን ጣት በገዛ መሐረቤ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፣ መኸር ላይ፣ አባታችን የጓሮውን አጥር በእሾሃማ ሽቦ ያጠረ ሰሞን። አንድ ልጅ ከዛፋችን ሥር የረገፈ የአጋዘን ዓይን ፍሬ ሊለቅምልኝ አጥሩን ሲዘል ጄኔራል የሚባለው ውሻችን ሱሪውን ያዘው፣ ሽቦው ደግሞ ጣቱን ገመሰው። አሰርኩለት። «በሚቀጥለው ቅዳሜ እመጣለሁ» አለኝ። ነጭ ቀሚሴን ለብሼ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። አልመጣም። በቀጣዩም አልመጣም። በጸደይ ሮስኮ በመኪና መጣ፣ እኔም ከመኪናው አልወርድም አልኩ።

አምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ መሐረቤንም አልመለሰልኝም።

ዴልበርት ክራውስ አለ እንዴ? ካለ ወጥ ቤትሽ ውስጥ ምን ይሠራል?

ሉዌላ

—

ቺሊኮቲ አጠገብ
ፌብሩዋሪ 24፣ 1987

ሉዌላዬ፣

ይህንን በእጄ ነው የምጽፈው። እንደምታዪው ፊደሉ ጠጥቶ የሚሄድ ሰው ሆኗል። ከዚህ ወዲያ የምደብቀው ስለሌለኝ እዪው።

እጄ ከድቶኛል። ሁለት ዓመት ሆነው። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ ተቆልፈው ነው የሚነሱት፤ ትልልቁን ነገር፣ ድስቱንም መጥረጊያውንም እይዛለሁ፣ ቀጭኑን ግን አልችልም። መርፌ፣ ብዕር፣ ስቴኪኒ። ያለፈውን ዓመት ሳጥን እያለቀስኩ ነው የሠራሁት፣ ግማሹ ዓይኑ የተጨፈነ ነበር፤ አንቺ አላስተዋልሽም ወይም ዝም ብለሽኛል። ዘንድሮ ግን አልተቻለኝም። ቸኮሌቱን በውሃ ላይ አቅልጬ፣ የተድቦለቦለው ተሰልፎ እየጠበቀኝ፣ አንዱን ስቴኪኒ ማንሳት አቃተኝ። ካነሳሁት ይወድቃል፣ ካልወደቀ ይሰበራል። ቸኮሌቱ መጓጎል ጀመረ። የታየኝ ቸኮሌቱ አይደለም ሉዌላ፣ ቤቴን የሚገዛው ሰውዬ ታየኝ። ያንን ድስት ሰድቤ አጠገብኩት።

ዴልበርት ያን ጊዜ ነው የገባው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ታች ያለውን የወንድሙን ቤት ይዟል። የወደቀው አጥር የሱንም የእኔንም መሬት ስለሚለይ ሊያስተካክለው ነው የመጣው።

«ድስት የምትሰድቢው ምን አድርጎሽ ነው?» አለኝ።

«ድስቱ ቢያንስ ሳያንኳኳ አይገባም!» አልኩት።

ጠረጴዛውን አየ፣ ጣቶቼን አየ። ኮፍያውን አውልቆ፣ እጁን ታጥቦ፣ ስቴኪኒ አነሳና መንከር ጀመረ። በደንብ ይነክራል፣ ልንገርሽ። ዓይኑን ክብ አድርጎ ይተዋል፣ አያንጠባጥብም። ግን ስቴኪኒውን ይነቅልና ቀዳዳውን እንዲሁ ትቶት ወደ ሌላው ይሄዳል።

«አንተ! ቀዳዳውን ድፈነዋ!» አልኩት።

«እኛ ቤት ይተዋል።»

«እናንተ ቤት ብዙ ነገር ይተዋል። እህቴንም ትተሃታል።»

አፌን ብቆርጠው! እሱ ወደ መጀመሪያው ረድፍ ተመለሰና አንድ በአንድ፣ አንድም ሳይዘል፣ በአውራ ጣቱ እየተጫነ ደፈነልኝ። አንቺ በአጉሊ መነጽር ያየሽው እሱን ነው።

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል። ቆርቆሮ ይከፍትልኛል፣ ጋዜጣ ያነብልኛል፣ ስለ ቀዳዳ እንጨቃጨቃለን። ፓስተሩ የሱን መኪና ደጄ ላይ ካየ ወዲህ ስብከቱ ሁሉ ስለ ንጽሕና ሆኗል። ለዴልበርት ስለ እጄ ስነግረውም ኪሱ ውስጥ ከያዛቸው ሁለት አሮጌ የአጋዘን ዓይን ፍሬዎች አንዱን አውጥቶ ሰጠኝ፣ አባቶቻችን ያደርጉት እንደነበረው ለቁርጥማት እንድይዘው። የኤመት ፍሬ ከራሱ ጋር ተቀብሯል፣ እንደምታውቂው፣ በእሁድ ሱሪው ኪስ። ይሄን በሽርጤ ግራ ኪስ ይዤዋለሁ። ይረዳኝ እንደሁ አላውቅም፣ ግን ማሻሸቱ ደስ ይላል።

ዋሽቼሻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ። የዋሸሁት ስለ ቤቴ ነው፣ ደግሞ ስሙን ብጠራብሽ ምን እንደሚሰማሽ ስላላወቅሁ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ስላንቺ ጠየቀኝ፦ «አሁንም ያን ያህል ታወራለች?» ብሎ።

በቃሌ ከያዝሽኝ እመጣለሁ። አልከራከርም። ግን እንደምለምንሽ እወቂ።

ኦርፋ

—

ሜሳ
ኤፕሪል 2፣ 1987

እትዬ ኦርፋ፣

መልስ ያዘገየሁት ታምሜ አይደለም፣ ተናድጄ ነው። መጀመሪያ ባንቺ፣ ቀጥሎ በሱ፣ ቀጥሎ በእጅሽ፣ መጨረሻ ላይ ያለ ምንም ጥፋቱ በሮስኮ። ምስኪኑ ሦስት ቀን ሾርባ ብቻ በላ፣ ለምን እንደሆነም አልጠየቀኝም።

ፊደልሽን አይቼ አልቅሻለሁ። ያንን ለማንም አታውሪ።

ቤቱን በተመለከተ አሁን አልወስንም። የሚመጣው ገና ይወስን። ሳጥኑ ሲመጣ ከፍቼ፣ አይቼ፣ እነግርሻለሁ። እስከዚያ ክፍሉም መጋረጃውም እንዳለ ነው።

ለዴልበርት ክራውስ የሚከተለውን ንገሪው። አንደኛ፣ አዎ፣ አሁንም ያን ያህል አወራለሁ። ሁለተኛ፣ ለምን እንዳልመጣ ይናገር። ሦስተኛ፣ መሐረቤ የት አለ?

ሉዌላ

—

ቺሊኮቲ አጠገብ
ዲሴምበር 9፣ 1987

ሉዌላዬ፣

ሳጥኑን ዛሬ ፖስታ ቤት አስገባን። ይህ ደብዳቤ ቀድሞት እንዲደርስ እጸልያለሁ፣ ምክንያቱን ታዪዋለሽ።

ዓመቱን ሙሉ ዴልበርት ያኔ ለምን እንዳልመጣ እየደጋገምሽ ስትጠይቂኝ «ራሱ ይንገርሽ» እያልኩ ሸሽቻለሁ። ራሱ ግን ሁለት ወረቀት ጀምሮ ሁለቱንም ምድጃ ውስጥ ጨመራቸው። «ኦርፋ፣ አንቺ ጻፊላት፣ እኔ ስጽፍ የመኪና መለዋወጫ የማዝዝ ነው የሚመስለው» አለኝ። ስለዚህ እኔ ልንገርሽ።

መጥቶ ነበር። በዚያው ቅዳሜ፣ ጣቱ ተሰፍቶ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ። አባታችን ታች በር ላይ አገኘው። «ሉዌላ ላንተ አትሆንም፣ ልታይህም አትፈልግም፤ ከነገ ጀምሮ ውሻውን አላስረውም» አለው። ዴልበርትም አመነው። አንቺ ነጭ ቀሚስ ለብሰሽ በረንዳ ላይ፣ እሱ ከዛፉ በታች ቆሞ። ተመልሶ ሄደ። ለምን አልጮህክም ብለው «ያኔ እኔም አፍ አልነበረኝም፣ ሁሉንም እሷ ነበረች የምታወራው» አለኝ። አባታችንን እወደው ነበር ሉዌላ፣ ግን ይህንን ስሰማ መቃብሩ ድረስ ሄጄ ልጣላው አማረኝ።

ሌላም አለ። ሽርጤ ኪስ ውስጥ ይዤው የከረምኩት ፍሬ ያን ቀን አጥሩን ዘሎ ያነሳው ነው። ላንቺ ያነሳው። ይዞት ኖሮ፣ ሚስትም አግብቶ፣ ልጆችም አሳድጎ፣ ኪሱ ውስጥ እንደያዘው አለ። ለእኔ የሰጠኝ የራሱ የሆነ ሌላ ስላልነበረው ነው። በቀኝ ኪሱ የቀረው ሁለተኛው የወንድሙ ነው። ይህንን በኅዳር ነው የነገረኝ፣ እኔም ያን ዕለት ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩትና ዳግመኛ አልነካሁትም። የሰው ነው። ያንቺ ነው።

ስለዚህ ልኬልሻለሁ። ሳጥኑ ውስጥ፣ ከታች በቀኙ ጥግ፣ በመሐረብሽ ተጠቅልሏል። አዎ፣ መሐረቡም አለ። ታጥቦ ተተኩሷል፣ የደሙ ቦታ ቡና ቀለም ሆኗል፣ ጥግ ላይ የጠለፍሽው «ሉ» አሁንም ይነበባል።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። ፍሬው ከመታሸቱ ብዛት የተነሳ እንደ ቸኮሌት ይብረቀረቃል፣ ዓይኑም ገና አለ። በሱና በእኛ ሥራ መካከል ያለውን ልዩነት ሞራ የሌለበት ሰው እንኳ በደንብ ማየት አለበት። ሮስኮን አታስጠጊ! ያ ፍሬ መራራ ነው፣ ከብት እንኳ ሲበላው ይታመማል።

ሥራው እንዴት እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ አሸሁ፣ አድቦለቦልኩ። እሱ ነከረ፣ ደፈነ። ቸኮሌቱ እንዲያብረቀርቅ ሰም ይግባበት አይግባበት በሚል ተጨቃጭቀን በመጨረሻ ገባ። በረንዳ ላይ ያስቀመጥነውን አንድ ትሪ ያ ሌባ አውሬ ራኩን በላብን፣ እንደገና ሠራን። ጣቶቼ ደህና አይደሉም፣ ደህናም አይሆኑም። ሳጥኑን ግን እሱ ያለ እኔ አልሠራውም፣ እኔም ያለ እሱ አልሠራሁትም። እውነቱ ይኸው ነው፤ እንደፈቀድሽ ፍረጂ። ቤቱን ሽጪ ካልሽኝ በጸደይ እሸጣለሁ።

ኦርፋ

—

ሜሳ
ዲሴምበር 23፣ 1987

እትዬ ኦርፋ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰ። ሳጥኑ የደረሰው ትናንት ነው።

ከዚህ በላይ መጻፍ ባያስፈልገኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ልንገርሽ።

ወተት ልገዛ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ሮስኮ ወለል ላይ ተቀምጧል፣ ሳጥኑ ጭኑ ላይ ነው፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ደግሞ እጁ ላይ፣ ለሁለት ተከፍሏል።

«ምን ሆነህ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ትንፍ ልቀምፍ ብዬ ነበፍ» አለኝ፤ «ትንሽ ልቀምስ ብዬ ነበር» ማለቱ ነው መሰለኝ፣ ያለ ጥርስ ሲያወራ አይገባኝም። መነጽሩን ሰጥቼው፣ ውሃ አጠጥቼው፣ አፉን አሥር ጊዜ አጉመጥምጬው ነገሩን አወጣሁ። ለካ ሰውዬው ሳጥኑን ከፍቶ ሲደባብስ ጥግ ላይ በመሐረብ የተጠቀለለ አንድ ብቻውን አገኘ። «ለብቻው በጨርቅ ከተጠቀለለማ ምርጡ እሱ ነው፣ ሉዌላ ሳትመጣ እኔ ልብላው» አለ። በሙሉ ኃይሉ ነከሰው።

አልዋጠውም፣ አትፍሪ። ሐኪምም ደውዬ ጠይቄያለሁ፣ ደህና ነው። አፉ ግን እስከ ማታ መረረው። «ኦርፋ ዘንድሮ ስኳር ረስታለች» ይላል።

ፍሬውን ከወለል ላይ አነሳሁት። መሐረቡንም አየሁት፣ «ሉ»ንም አየሁት። ደብዳቤሽ ገና ስላልደረሰ ምን እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም፣ ግን እጄ ላይ ሳስቀምጠው ገባኝ። ወጥ ቤት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ሮስኮ ያለቀስኩ መስሎት መጥቶ ጀርባዬን መታ መታ አደረገልኝ። ከዚያ እውነትም አለቀስኩ። ያለ ጥርሱ አጠገቤ ቆሞ፣ ምን እንዳደረገ ሳያውቅ፣ «ይቅርታ፣ አንዱን ብቻ ነው የበላሁት» ይለኛል። አርባ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ እትዬ። ከመኪናው አለመውረዴ ጥሩ ነበር።

አባታችንንም እኔ እጣላዋለሁ፣ አንቺ እግርሽ አይችልም፣ መቃብሩ ዳገት ላይ ነው።

አሁን ፍርዴን ስሚ።

ሳጥኑን በአጉሊ መነጽር አይቻለሁ። የለውዝ ቅቤው ላይ ያንቺ መዳፍ አለ፤ ማንም እንደዚያ ክብ አድርጎ አያድቦለቡልም። ዓይኑ ላይ የሱ ጠባሳ አለ። ቀዳዳ አንድም የለም። ሳጥኑ መጥቷል። ቃላችን «ሳጥኑ ይምጣ» ነው እንጂ «በስንት እጅ» አይልም። ቤትሽን አትሽጪ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ዘንድሮ ሁሉም ሰው እየተናገረ ነው። እንድትመጪ የፈለግሁት ላንቺ ብዬ ብቻ አልነበረም። እዚህ የሚረግፍ ነገር እንደሌለ ትክክል ብለሻል። ሮስኮ ከቴምብሮቹ ጋር ይውላል፣ እኔ ከግድግዳው ጋር አወራለሁ። ያን ያህል የማወራው የሚመልስልኝ ስላጣሁ ነው። መጋረጃውን ስሰቅል ያንቺ ክፍል ነው ብዬ ነበር፣ ግን አንዳንድ ቀን እዚያ ገብቼ ብቻዬን እቀመጥበታለሁ።

ፍሬውን መልሼ ልኬልሻለሁ፣ በዚሁ ፖስታ። በሽርጥሽ ግራ ኪስ ይግባ። የቸገረው እጅ የአንቺ ነው፣ የእኔ ጤነኛ ነው። አንድ ጎኑ ላይ የሮስኮ ጥርስ ምልክት አለበት። ዴልበርትን አሳዪው። ያን ቅዳሜ የጀመረው ነገር በዚህ አለቀ በይው፣ ሁለቱም ወንዶች ምልክታቸውን አስቀምጠዋል። መሐረቡን ግን አልመልስም። የእኔ ነው።

ደግሞ ያንን ሰውዬ ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ አታስመጪው፣ ሐሙስም ጨምሪለት። ፓስተሩ ይስበክ፣ ሥራው ነው።

ቃሉን ያስማልኩሽ እኔ ስለሆንኩ የምለውጠውም እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ሳጥኑ በየገናው እስከመጣ ድረስ ምንም አልጠይቅሽም። ሳጥኑ ያልመጣ ዓመት አንቺ አትመጪም፣ እኔ እመጣለሁ። ሮስኮንና ቴምብሮቹን ይዤ እመጣለሁ፣ ላይኛውን ክፍል አዘጋጂልን። በመስኮቱ አትጨነቂ።

መጋረጃውን ይዤው እመጣለሁ።

ታናሽሽ ሉዌላ